ከጀርመን የልውውጥ ተማሪ ልንቀበል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እንያዛት?

እናት ዘአራት ኪሎ
ነሐሴ 9፣ ምሽት 2:20

ጤና ይስጥልኝ። ነሐሴ 25 አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ከጀርመን መጥታ ለአሥር ወር ከእኛ ጋር ትኖራለች። ቤታችን አራት ኪሎ ነው። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ 1000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለን። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እሷ ስትጨመር አምስት እንሆናለን። ትምህርት ቤቱ ስድስት ኪሎ ስለሆነ ከ16 ዓመቷ ልጄ ጋር በእግር ይሄዳሉ። የተላከልን ወረቀት «ፍቅር ስጧት» ይላል፤ እሱስ አለን። የቸገረኝ ዝርዝሩ ነው፦ ውሃው፣ ምግቡ፣ ታክሲው፣ ሰነዱ። የምታውቁ ሳታሳጥሩ ጻፉልኝ።

ቀበና ማዶ (ተቀባይ ቤተሰቦችን የሚያሠለጥን)
ነሐሴ 9፣ ምሽት 3:05

እንኳን ደስ ያላችሁ። ከቦሌ ልጀምር፤ የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጠረው እዚያ ነውና። ትኬቷ ላይ «ረቡዕ 02:00» የሚል ካያችሁ በእኛ አቆጣጠር ማክሰኞ ማታ ተኝታችሁ፣ ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ነው። በእነሱ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ሲሆን እኛ ዘንድ ጎህ ሲቀድ ነው። «ረቡዕ ሌሊት» ብሎ ያሰበ ቤተሰብ አንድ ቀን ዘግይቶ ይደርሳል፣ ልጅቷም ብቻዋን ትቆማለች። ስለዚህ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉና መልሳችሁ ላኩላት፤ «ትክክል ነው» የሚል መልስ ከእሷ ይምጣ። ተቀባይ የሚጠብቀው ከሕንፃው ውጭ በመኪና ማቆሚያው በኩል ስለሆነ የምትቆሙበትን ቦታ ፎቶ አስቀድማችሁ ላኩ። የአገር ውስጥ ሲም ስለማይኖራት ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋ ትያዝ፤ ባትሪ ሲያልቅ የሚያድነው ወረቀት ነው።

የገባች ማታ አምስት ነገር ብቻ አሳዩአት፦ መኝታዋን፣ መጸዳጃውን፣ የመብራት ማብሪያውን፣ የሚጠጣው ውሃ የትኛው እንደሆነ፣ የበሩን አከፋፈት። ሌላው ይደር። ዘመድ አዝማድ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ባይመጣ ይሻላል። በአንድ ቀን ሃያ ስም የሰማ ሰው አንዱንም አይዝም፤ የደከመ ፊቷን አይቶ «ኮራች» የሚል ጎረቤትም አይጠፋም።

አሁን ዋናውን ልበል። እንግዳነቷ ሦስት ቀን ይበቃል። በአራተኛው ቀን አልጋዋን ራሷ ታንጥፍ፣ የበላችበትን ሳህን ትጠብ፣ ሽንኩርት ትላጥ። እኛ እንግዳ ወጥ ቤት ሲገባ እናፍራለን፤ «አንቺ ቁጭ በይ» እንላለን። ሳሎን የተቀመጠች ልጅ ግን ቋንቋ አትለምድም። «ቢላውን አቀብዪኝ»፣ «ክዳኑን ክፈቺው»፣ «ጨው ጨምሪ» የሚባለው ወጥ ቤት ነው፤ ተሰምቶ ወዲያው በእጅ የሚሠራ ቃል ደግሞ አይረሳም። የቤት ሠራተኛ ካለቻችሁ በሁለተኛው ቀን ለሁለቱም ንገሩ፦ የልጅቷን ልብስ የምታጥበው ራሷ ልጅቷ ናት፣ ሠራተኛዋንም የምታዝዘው እናት ናት። ይህ ካልተባለ ሠራተኛዋ ሳትጠየቅ ሁሉን ትሠራላታለች፣ በሁለተኛው ወር ትማረራለች፣ ልጅቷም ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ፊት ይነሣታል።

ሐኪም ቤት የምውል ነርስ
ነሐሴ 9፣ ምሽት 4:10

ስለ ጤና።

አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ከማይል ከተማ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ራሱን ያመዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ሌሊት ይነቃል። ይህ ሕመም አይደለም፤ ሰውነቷ አየሩን እየለመደ ነው። ውሃ ትጠጣ፣ ለአራት አምስት ቀን አትሩጥ። ወደ እንጦጦ መውጣቱን ለሁለተኛው ሳምንት አቆዩት፤ እሱ ከዚህም ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ቡና ከአቦል አይለፍ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ባይቀመስ ጥሩ ነው፤ ከፍታውና ቡናው ተባብረው እንቅልፍ ይነሷታል። ደመና ቢሆንም ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች፣ የፀሐይ ቅባት ይዛ ትምጣ።

የሚጠጣ ውሃ፦ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። አረፋ ሲያሳይ ማውጣት አይበቃም። ክዳኑ ሳይነሣ ይቀዝቅዝ፣ አፈ ጠባብ በሆነ ንጹሕ ዕቃ ይገልበጥ፣ በጆግ ወይም በኩባያ አይጠለቅበት። ብዙ ቤት የሚያፈላው በደንብ ነው፤ የሚበከለው ሲጠለቅ ነው። ጥርስ መፋቂያውም ከዚሁ ይሁን፤ ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው።

ሆዷ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መታወኩ አይቀርም። ቀጭን ሰገራ ብቻ ከሆነ ከፋርማሲ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ገዝታችሁ አንዱን ፓኬት መመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሊትር የተፈላ ውሃ በጥብጡ። ከሌለ በ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልክ ሆነው፤ ጨው ከበዛ ይጎዳል። ያደረ ይደፋ፣ በ24 ሰዓት አዲስ ይሠራ። ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳት ካላት፣ የጠጣችውን ሁሉ ከመለሰች ወይም ሦስት ቀን ካለፈው ጊዜ ሳታጠፉ ሐኪም ቤት ውሰዷት። አንቲባዮቲክ ከሱቅ ገዝታችሁ አትስጡ።

ውሻ። በሰፈራችን ባለቤት የሌለው ውሻ ብዙ ነው፣ እነሱ አገር ደግሞ ውሻ ማሻሸት ልማድ ነው። ከነከሳት ወይም ከቧጨራት ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ሂዱ። የውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም፤ «ቀላል ጭረት ናት» አትበሉ። ወባ አዲስ አበባ ላይ አያሰጋትም። ወደ አዋሳ ወይም አርባ ምንጭ የምትወስዷት ከሆነ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

የካዛንቺስ ልጅ
ነሐሴ 10፣ ጠዋት 1:40

የታሸገ ውሃ እየገዙ መስጠት አይቀልም? ማፍላት ምን አደከመን?

ሐኪም ቤት የምውል ነርስ
ነሐሴ 10፣ ጠዋት 2:15

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እስማማለሁ፤ ሆዷ እስኪጠነክር የታሸገ ይሁን፣ ክዳኑም ሲከፈት «ቀጭ» ማለቱን ትስማ። ለአሥር ወር ግን በቀን 2.5 ሊትር ብትሉት 750 ሊትር ነው፤ ባለ 2 ሊትሩ 375 ጠርሙስ መሆኑ ነው። ዋጋውን ተዉት፤ ለእሷ ብቻ የተለየ ጠርሙስ ማዕድ ላይ ሲቀመጥ በየቀኑ «አንቺ እንግዳ ነሽ» እያለ ይነግራታል። ቤተሰቡ ሁሉ ያንኑ የተፈላ ውሃ ይጠጣ።

እናት ዘአራት ኪሎ
ነሐሴ 10፣ ጠዋት 3:00

እግዜር ይስጥልኝ። የማጠቢያውስ? ሻወር አለን ግን ሮቶው እንዳያልቅ እፈራለሁ።

ቧንቧ ሠሪው ከሰንጋ ተራ
ነሐሴ 10፣ ቀትር 6:30

እናቴ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1000 ሊትር ለአምስት ሰው ለአራት ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ይደርሳል። ሻወር በደቂቃ 8 ሊትር ያህል ያወርዳል፤ አሥር ደቂቃ ከቆመች 80 ሊትር፣ ማለትም የአንድ ቀን ተኩል ድርሻዋን ጨረሰች። ይህን በቁጥር ንገሯት። «ውሃ ቆጥቢ» ካላችኋት አይገባትም፣ «ሦስት ደቂቃ» ካላችኋት ይገባታል። ሰውነቷን ስትቀባ ቧንቧው ይዘጋ።

ውሃ በጠፋበት ቀን በባልዲ ነው። 7 ሊትር ቀዝቃዛ፣ 3 ሊትር የፈላ፤ ወደ 40 ዲግሪ ይመጣል። ቀዝቃዛው ይቅደም፣ የፈላው በላዩ ይጨመር። ተገላብጦ ሲሠራ የላስቲክ ባልዲው ይጎብጣል፣ እጅም ይቃጠላል። ከዚያ በጆግ ከላይ እያፈሰሱ መታጠብ ነው፣ ፀጉር ቢኖርም 10 ሊትር ይበቃል። አንዴ ልጅዎ ልብሷን እንደለበሰች በባዶ ጆግ ታሳያት። ይህ ነገር አገሯ የለምና በቃል ብቻ ቢነገራት አይገባትም።

ቦይለሩ ከሻወሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ይበራ፣ ስትገባ ይጥፋ። ወረቀት ወደ ሽንት ቤቱ አይጣል፤ ቧንቧው ጠባብ ነው፣ ጉድጓዱም ይሞላል። ክዳን ያለው ቅርጫት አስቀምጡና በየቀኑ ይደፋ። እዚያ ወረቀት ወደ ውስጥ ስለሚጣል በመጀመሪያው ማታ ካልተነገራት ይደፈናል፣ አፍራም አትናገርም።

መብራት፦ ከጀርመን የሚመጣ ሶኬት የእኛው ሁለት ክብ ጥርስ ነው፣ ኃይሉም ተመሳሳይ፤ ምንም አያስፈልጋት። ከአሜሪካ ልጅ የምትቀበሉ ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ «100–240» የሚል ካለ ማስማሚያ ብቻ ይበቃዋል፤ «120» ብቻ የሚል የፀጉር ማድረቂያ ግን በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ንቀሉ። የሚጎዳው መጥፋቱ አይደለም፣ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው።

መምህር ከስድስት ኪሎ
ነሐሴ 10፣ ምሽት 1:30

ሰነድና ቋንቋ ላይ ጥቂት ልጨምር።

ስም። የእኛ ቅጽ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ይላል። የእነሱ ፓስፖርት የግል ስሞችና የቤተሰብ ስም ነው ያለው፤ የቤተሰብ ስሟ የአባቷ መጠሪያ አይደለም። ሲም ላይ አንድ ዓይነት፣ ትምህርት ቤት ሌላ ዓይነት ከተጻፈ ቴሌብር ሲከፈትና የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠየቅ ስሙ አይገጥምም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደልና ቅደም ተከተል ብቻ ይጻፍ። የአማርኛውንም አጻጻፍ አንዴ ወስኑና አትቀያይሩ።

ዓመት። የተወለደችው የካቲት 2008 እ.ኤ.አ. ከሆነ በእኛ 2000 ነው። ቅጹ ላይ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ሳይጻፍ ከተሞላ የ9 ዓመት ሕፃን ሆና ልትገኝ ትችላለች። የፓስፖርቱን ፎቶ ያለበት ገጽ፣ ቪዛውንና የመግቢያ ማህተሙን ሦስት ሦስት ኮፒ አድርጉ፤ አንዱ ቦርሳዋ ውስጥ፣ አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ ትምህርት ቤት። ዋናው ፓስፖርት ቤት ይቆለፍ። የቪዛው ዓይነት ለምን ያህል ቀን እንደሚያቆይና ማን እንደሚያድስ ከላኪው ድርጅት በጽሑፍ ተቀበሉ። ከቀኑ ላለፈ ቅጣቱ በየቀኑ እየተቆጠረ ነው የሚጨመረው፣ በዶላርም ነው።

ሰዓት። ስልኳ 8:00 ሲል እኛ 2 ሰዓት እንላለን። የትምህርት ቤት ደወሉን፣ የእራቱን፣ የመግቢያዋን ሰዓት በሁለት ረድፍ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። «6 ቀንሺ» የሚለው ስልኳ ላይ ያለው ቁጥር ከ6 ሲያንስ ያደናግራል፤ የግድግዳ ሰዓት ሲኖር ግን ቀላል ነው፦ የአጭሩ ቆጣሪ ተቃራኒ ጫፍ የሚያሳየውን ታንብብ።

ቋንቋ። ፊደሉ 33 ነው፣ በሰባት ሲባዛ 231። በቀን አንድ ረድፍ ከያዘች በአንድ ወር ጨረሰችው፤ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ስትሄድ የሱቅ ጽሑፍ እያነበበች ትለማመድ። ከ«አንቺ» በፊት «እርስዎ»ን አስተምሯት። ለታናሽ «እርስዎ» ብትል ማንም አይቀየምም፤ ለሽማግሌ «አንተ» ብትል ግን የሚያዝን አለ። እኛ አየር ወደ ውስጥ ስበን «እሕ» ስንል «አዎ» ማለታችን እንደሆነም ንገሯት። የማያውቅ ሰው የደነገጥን ወይም የታመምን ይመስለዋል።

ታክሲ ተራ አስከባሪ፣ አራት ኪሎ
ነሐሴ 11፣ ጠዋት 12:50

እሜቴ፣ ታክሲውን ለእኔ ተዉት። ሦስት ጉዞ ያስፈልጋታል። አንደኛውን ልጅዎ ትምራት። ሁለተኛውን እሷ ትምራ፣ ልጅዎ ዝም ብላ ትከተል፤ ብትሳሳትም አታርማት፣ ወርዳችሁ ተመለሱ። ሦስተኛውን ብቻዋን ትሂድ፣ ስትሳፈርና ስትወርድ ትደውል። መጀመሪያ አጭሩን፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ። ቀጥሎ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 እና ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ሰልፍና ግፊያ ስለሆነ መለማመጃው ረፋድ ላይ ይሁን።

ረዳቱ የሚጮኸው መድረሻውን ነው፤ ከመግባቷ በፊት «ፒያሳ?» ብላ ትጠይቅ። ታሪፉን አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ዝርዝር ብር ትያዝ። ለአጭር መንገድ 200 ብር ከሰጠች መልሱ ይዘገያል፣ እሷም ሳትቀበል ትወርዳለች። መውረጃዋ ሲቃረብ «ወራጅ አለ!» ጮክ ብላ ትበል፤ በዝግታ ከተባለ አይሰማም፣ ያሳልፋታል። ስልኳን በመስኮት በኩል አትያዝ፤ መኪናው ቆሞ ሲነሣ ነው የሚነጥቁት። ከመሸ በኋላ ታክሲ ተራ አትቁም፣ በስልክ በሚጠራ ታክሲ፣ በራይድ ወይም በፈረስ ትምጣ፣ ታርጋውንም ወደ እናንተ ትላክ።

አድራሻ በመንገድ ስም አይባልም፣ በምልክት ነው። ከአራት ኪሎው የሚያዝያ 27 ሐውልት እስከ ስድስት ኪሎው የካቲት 12 ሐውልት ያለውን መንገድ፣ መሐል ላይ ብሔራዊ ሙዚየሙን እንደያዘ በእጇ ትሳለው። ከጠፋች «አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ» ካለች ማንም ያደርሳታል።

ቀበና ማዶ
ነሐሴ 11፣ ጠዋት 2:30

ጥሩ ተባለ። አራት ኪሎ ላይ አንድ ነገር ይጨመር፦ ቤተ መንግሥቱ፣ አጥሩ፣ ጥበቃዎቹ፣ ወታደር ያለበት ቦታ ሁሉ ፎቶ አይነሣም። አንድነት ፓርክ ውስጥ ተፈትሻ ስትገባ ሌላ ነገር ነው፤ ከውጭ ግን ስልክ አታውጣ። ቁጥሮቹንም ስልኳ ላይ ጻፉ፦ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ 939።

የምግብ ቤት ባለሙያዋ
ነሐሴ 11፣ ቀትር 7:10

ስለ ምግቡ ዝም ተብሏል። እንጀራ እርሾ ያለው፣ አሰሩም የበዛ ስለሆነ ያልለመደ ሆድ ይነፋል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ፣ ግማሽ እንጀራ፤ ሌላውን ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንች። ወጡ ከአልጫ ይጀመር፦ ድንች አልጫ፣ አተር ክክ፣ ጎመን። ሁለተኛው ሳምንት ሽሮ በትንሽ በርበሬ፣ ሦስተኛው ላይ ቀይ ወጥ። ለበዓሉ ዶሮ ሲሠራ ኩሌቱ ከመቀላቀሉ በፊት ለእሷ ትንሽ በለዘብታ ለይታችሁ አስቀሩ። ክትፎ ከሆነ ሙሉ ለሙሉ ይብሰል፤ ለብለብም ጥሬም አይሆንም፣ የኮሶ ትል የሚገባው በዚያ ነው። ወተት ሳይፈላ አይጠጣ። ጥሬ ሰላጣ ቤት ታጥቦ ካልሆነ ውጭ አትብላ።

ጉርሻ ያስደነግጣል፤ ሰው እጁን አፏ ውስጥ ሲከት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ይነገራት። ከዚህ በላይ የማሳስባችሁ «ብዪ፣ ብዪ» የሚለውን ነው። «በቃኝ» ማለትን አስተምሯት፣ ስትልም እመኗት። እኛ በሦስተኛው ልመና ነው የምንቀበለው፤ እሷ ግን አንዴ ያለችው የመጨረሻ ቃሏ ነው። ካልሰማችኋት ባለጌ ላለመባል ትበላለች፣ ሌሊት ታስመልሳለች፣ ጠዋት ምግብ ትፈራለች። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ለምን ወተትና ሥጋ እንደሌለ ንገሯት፤ እሷ ግን ጿሚ አይደለችም፣ እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ ይኑራት።

የካዛንቺስ ልጅ
ነሐሴ 11፣ ማታ 2:00

ስልኩን ብትቀንስ አይሻልም? ቀኑን ሙሉ ከአገሯ ልጆች ጋር ካወራች መቼ ትለምዳለች?

ቀበና ማዶ
ነሐሴ 11፣ ማታ 2:45

መቀማት አይገባም፤ ቀጠሮ ማስያዝ ነው። ከቤተሰቧ ጋር በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ 11 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ጀርመን ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት ነው። በጥቅምት አጋማሽ፣ እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ልዩነቱ ከአንድ ወደ ሁለት ሰዓት ያድጋልና የእናንተ 12 ሰዓት ይሆናል። አጭር መልእክት በየቀኑ ቢሆን ግድ የለም። ናፍቆት በመጀመሪያው ሳምንት እምብዛም አይከብድም፤ ሁሉም አዲስ ነው። የሚከብደው ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ነው። ክፍሏን ዘግታ ከተኛች፣ ራሴን አመመኝ ካበዛች ናፍቆት መሆኑን እወቁ። «ምን ጎደለብሽ?» አትበሏት፤ መልስ የለውም፣ ጥፋተኛም ያደርጋታል። አንድ ሥራ ስጧት፦ ቄጠማ ታምጣ፣ ቡና ትቁላ፣ ወንድ ልጅዎን የቤት ሥራ ታስጠናው። ማልቀስ ከፈለገች ታልቅስ፣ አጠገቧ ተቀመጡ።

እናት ዘአራት ኪሎ
ነሐሴ 12፣ ጠዋት 1:20

ሁሉንም ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ለዘመን መለወጫ ግቢ ውስጥ በግ እናርዳለን፤ ምን እናድርግ? ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ይደሩ ወይስ ለብቻዋ?

የምግብ ቤት ባለሙያዋ
ነሐሴ 12፣ ጠዋት 2:05

በጉ ሲገዛ ንገሯት፣ ከዋዜማው አትለፉ። ሁለት ቀን እሳር ስታበላው ሰንብታ ያኔ ብታየው ይከብዳታል። ማየት ካልፈለገች በዚያ ሰዓት ከልጅዎ ጋር አበባየሆሽ የሚሉትን ልጆች ልታይ ትውጣ። ማየት ከፈለገችም አትከልክሏት፣ ብዙዎቹ ይፈልጋሉ።

ቀበና ማዶ
ነሐሴ 12፣ ጠዋት 2:40

አንድ ክፍል ይሆናል፣ አልጋው ግን የየራሳቸው ይሁን፤ አንድ የሚቆለፍ መሳቢያም ይኑራት። ልጅዎን ለብቻዋ ጠይቋት። ክፍሏን የምታካፍለው እሷ ናትና ሳትጠየቅ ከሆነ ቂሙ በልጅቷ ላይ ይወጣል። ወደ ጀርመን ቤተሰቧ ሲደወል፣ ልብስ ሲቀየር ሌላዋ ትውጣ፤ ይህንንም ሁለቱ ራሳቸው ይወስኑት። የቤቱን ቁልፍ ደግሞ ከመምጣቷ በፊት አስቀርጹና በመጀመሪያው ጠዋት በእጇ ስጧት።